የማክሰኞ ውሃ

ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ወፍ ሳይንጫጫ ከዚራ ኒም ላይ፣
ቱቦዬን ጠቅልዬ፣ ሽርጤን በሱሪ ቀይሬ፣
ሁለት ፉርጎ ውሃ አስከትዬ እወጣ ነበር ከድሬ፣
ወደ ሰሜን፣ ግራርና ጠጠር ብቻ ወደሚታይ።

ከፌርማታዎቹ አንዷ ቢዮ አድ ትባላለች፤
«ነጭ ውሃ» ማለት ነው ቋንቋውን ለሚያውቅ።
ስም ያወጣላት ሰው ቀልደኛ ነበር፣ ወይ ጠምቶታል፤
እኔ እዚያ ነጭ ሆኖ ያየሁት
አጥንት ነው፣ አቧራ ነው፤
ውሃውንማ
የማመጣው እኔ ነኝ።

እኔ ነኝ!
አቦ፣ በሳምንት አንድ ቀን ንጉሥ መሆን ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ?
ባቡሩ ገና ሲያፏጭ ጄሪካን ይሰለፋል፣ ልጅ ይሮጣል፣
ሽማግሌ ይነሣል።
«አቦ ቢዮ!» ይሉኛል፤ የውሃ አባት።
እኛ ድሬዎች «አቦ» የምንለው ሲሰለቸን ነው፣ ሲደንቀን፣ ወይ እንዲያው ያለ ምክንያት፤
እነሱ ግን አባት ማለታቸው ነበር።
እኔም አባት ሆንኩ፤
አንዷን አስቀደምኩ፣ አንዷን አስቆየሁ፣
የተሳደበችኝን ቱቦውን አጥፌ ቀጣሁ፣
የግመላቸውን ወተት ጠጣሁ።

አንድ ዓመት ሐዲዱን ጎርፍ በላው።
አሥራ አንድ ቀን።
እኔ መጋላ ዶሚኖ ስጫወት ሰነበትኩ፣
ጉንጬ በጫት አብጦ፣ ከደመወዜ ሳንቲም ሳይጎድል።
በአሥራ ሁለተኛው ስደርስ ሰልፉ አለ፣ እንደ ወትሮው፤
ኡባህ ብቻ የለችበትም።
ጄሪካኗን ገልብጣ ተቀምጣበታለች፣
ጀርባዋን ለባቡሩ፣ ፊቷን ለመሬቱ ሰጥታ።
«ነይ እንጂ» አልኳት።
ዝም።
ያቺ ሴት አፈሩን፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው፣ ትኩር ብላ ታየው ነበር።

ከዚያ ቆፈሩ።
በየቤቱ አንድ ፍየል ተሸጠ፣ ለገመድና ለዶማ፤
ዋይስ ከነልጆቹ፣
ሮብሌ፣ ስሙ በዝናብ የወጣለት፣ ባንድ ዐይኑ፣
ሁለት ዝናብና ሦስት በጋ ቆፈሩ።
ሲስቁባቸው ሰማሁ፤ እኔም ስቄአለሁ፣ አልዋሽም።
ጉድጓዱ ግን አልሳቀም፤ በአርባ ክንዱ አላበው፣
ቀጥሎ አለቀሰ።

ባቡሩም ቆመ፣ እኔም ጡረታ ወጣሁ።

ባለፈው ባይሱዙ ተሳፍሬ ሄድኩ፣ ማክሰኞ ቀን፣ እግሬ ለምዶ።
የተነሣልኝ የለም።
ኡባህ ቁልፉን ባንገቷ አንጠልጥላ ቧንቧው አጠገብ ቆማለች፤
ከከተማ የመጣ ሹም፣ ሞተሩ ግሎበት፣
ውሃ ለራዲያተሩ ይላል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ይጣደፋል።
«ሰልፍ» አለችው በጣቷ፣ ካንዲት ሕፃን ኋላ።
ቆመ፣ አቦ! ቆመ።

ለኔ በጣሳ ቀዳችልኝ። ጨው ጨው ይላል።
«የኔ ይጣፍጥ ነበር» ልል ስል አፌን ያዝኩ።
ሂሳብ ብጠይቃት
«ለእንግዳ ነጻ ነው» አለች።
ነጻ።
ባንዲራ ሲሰቀል፣ በድምፅ ማጉያ፣ ስንቴ ሰምቼዋለሁ ያንን ቃል፤
ከጣሳ ስጠጣው ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር፣
ያውም እንግዳ ተብዬ።

ከፋኝ? ከፋኝ። ደስ አለኝ? እሱም አለ።
ዋይስ ደግሞ፣ ያ የቆፈረው ራሱ፣ ዝገቱ ሐዲድ ላይ ተቀምጦ
«አሁንማ ማንም አይመጣም» አለኝ፤ «ፉጨቱ ይናፍቀኛል።»

ዛሬም ማክሰኞ ነው።
ሳቢያን ያለው ቧንቧዬ ከደረቀ ሰባት ቀኑ፣ ሲከፍቱት ያስነጥሰዋል።
ቦቴው ይመጣል ተብሏል፤
ሾፌሩ ለማን እንደሚያደላ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣
ሲጋራ የገዙለት አሉ።
እኔ ቢጫዋን ጄሪካን ይዤ
ከሰልፉ ወጣሁ፣
ገለበጥኳት፣
ተቀመጥኩባት፣
መሬቱን አያለሁ።