የቧንቧ ውኃ

ከሰባተኛው ፎቅ መስኮት ስወለውል፣
አራት ጭስ ማውጫዎች ከባሕሩ በኩል
ሌትና ቀን ሳይሉ ይጤሳሉ ቆመው።
ገና አዲስ ነበርኩ፣ ለኩዌትም ለሰው፤
ሾፌሩን ጠየቅኩት።
«ውኃ ነው» አለና ሣቀ። «ባሕር ይፈላል፣
እንፋሎቱ ወጥቶ ጨው እታች ይቀራል።
ከቧንቧ የቀዳሽው፣ ዛሬም የጠጣሽው፣
መራራ ባሕር ነው፣ እሳት ያጣፈጠው።»

ሰማሁና ተውኩት። ላልነካው ገላ
እሳት ምኑ ነው? ተረት ነው፣ የሌላ።

እናኑ የወንዜ ልጅ። ባንድ አልጋ ተኛን፣
ባንድ ሳህን በልተን ሁለት ዓመት ቆየን።
ሕማማት ሲገባ፣ ማዳም ከተኛች ወዲያ፣
ስግደቱን ቆጠርነው ከልብስ ማጠቢያ፤
እሷ አርባ ስትሰግድ እኔ አርባ አንድ፣
ማሽኑ እየጮኸ፣ ሰሚያችን አንድ።

አምባር ጠፋ አንድ ቀን። የማዳም፣ የወርቁ።
ፍራሼን ገልብጠው ሻንጣዬን ፈለቀቁ፣
የጸሎት መጽሐፌን ገጹን ዘረገፉ፣
ማተቤን ሳይቀር ፈትተው አራገፉ።
እናኑ በር ላይ ቆማ ጣቷን ዘረጋች፣
«እሷ ናት» አለች።
በአረብኛ አለች፣ እኔው ራሴ ባስጠናኋት ቋንቋ፣
«ሐራሚ»። ቃሉን ጥርት አርጋ፣ አድምቃ።

አሥራ አንድ ወር ታሰርኩ።
አልዋሽም፦ መጀመሪያ ጸሎቱም አልሆነኝ።
ሁለት ወር ሙሉ ለሱ ጀርባ ሰጠሁት፣
እንደተጣላ ሰው ፊቴን አዞርኩበት።
«አየህ ወይ?» አልኩ እንጂ «ማረኝ» አላልኩትም፤
እሱም እንደኔው ነው፣ ምንም አልመለሰም።

በሦስተኛው ወር ግን፣ ሌሊት፣ ሙቀት በርትቶ፣
ሎሚታ የምትባል የወላይታ ልጅ ምጧ ድንገት መጥቶ፣
በር ብንደበድብ፣ ብንጮኽ፣ ማን ሰምቶ!
ሃያ አራት ሴት ነበርን፤
ማዋለድ የሚያውቅ ከመካከላችን
እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ አዋላጅ ናት፤ ፋኖስ ይዤላት
ስንት ሌሊት፣ በስንት ጭቃ፣ እንቅልፌ እየመጣ ተከትያታለሁ፣
«ይህ ሙያ ምን ሊረባኝ» እያልኩ።

እትብቱ አንገቷ ላይ ሁለቴ ዞሮባት
ጠቁራ መጣች ሕፃኗ። በጣቴ ፈታሁላት።
እፍ አልኩ። ዝም አለች። ደግሜ እፍ አልኩባት።
አለቀሰች።

ያኔ ነው ፊቴን የመለስኩት፣ እጄ ደም እንደነካ፣
ቂሜም ገና እንዳለ፦
«ለዚህ ነው እንዴ?» አልኩት። «ለዚች ነው ለካ?»

አምባሩ ተገኘ፣ ከመኪናው ወንበር ሥር።
ይቅርታ ያለኝ የለም። «ውጪ» ብቻ ነበር።
ወርቅ ጠፋ ብለው ያቀለጡኝ እነሱ
ሰሙን ነው ያገኙት፤ ወርቁ ጋ አልደረሱ።

«እግዜር ነው ያሰረሽ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ።
አይደለም፤ እናኑ ናት፤ ጣቷን አይቻለሁ።
ክፋት ጨው ነው፣ ጨው ነው፤ አላቆላምጠውም፤
ጨውን ስኳር ብሎ ጌታም አይጠራውም።
ግን እሳት አለው እሱ፣ ቧንቧም አለው፣ ረጅም፣
ከየት ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ሳናይ የሚፈስ በጨለማ፣
ባሕሩን ሳይፈራ ሊያጠጣ የተጠማ።

ባለፈው ዓርብ ነው፣ ቅዳሴው ሲያበቃ፣
እናኑን አየኋት ከግቢው ጥግ፣ ከስታ፣
በነጠላ ጫፍ ፊቷን ሸፍና፣ ተሸሽጋ።
አየችኝ። ልትሄድ ነበር። እግሯ አልታዘዛትም።
ሐምሌ ነው። ከንፈሯ ደርቋል።

ይቅር ብያታለሁ? እንጃ። አልጠየቅኩትም ልቤን፣
እሱም ቢጠየቅ ዛሬ ምን እንደሚል አላምነውም።
እጄ ግን ሄዶ ቧንቧውን ከፈተ፣
ኩባያውን ሞላ፣
ሰጣት።
ጠጣች፣ እስከ ታች፣ ዓይኗን ሳታነሣ፣
ያንን ባሕር።