አግድም የተኛው

ኖርሾፒንግ፣ በጥር፤ ወንዙ ግማሽ በረዶ፤
የሌሊቱን ትራም ነድቼ፣ ዓይኔ በእንቅልፍ ነዶ፣
ከጥርስ ሐኪም በር ላይ ተቀመጥኩ ከልጄ፣
ጓንቷን እንደ አደራ ይዤላት በእጄ።

ኖላዊት አሥራ ሦስቷ ነው። ስትስቅ አፏን ትከድናለች፤
ፎቶ ሲነሡ ከረጃጅሞቹ ጀርባ ትቆማለች።
በቀኝ ያለው ወርዶ፣ ቦታ ይዞ ሲያበቃ
የግራው ክራንቻ ቀረ፤ አልመጣም በቃ።
በቦታው የወተት ጥርሱ፣ ውል እንዳለቀ ተከራይ፣
ቁጭ ብሏል እስከ ዛሬ፤ የለው ከልካይ፣ የለው አባራይ።

ዶክተር ኡልሪካ ራጁን መብራት ላይ ሰቅላ አሳየችኝ፤
በብዕሯ ጫፍ ነካ አድርጋ፣ «ይኸውልህ» አለችኝ።
አየሁት። ላንቃዋ ውስጥ አግድም ተጋድሞ፣
እንደ ዓሣ ከበረዶ ሥር፣ ከነጩ በታች ከርሞ፣
አፍንጫውን ወደ ጎረቤቱ አዙሮ ይገፋል፤
«ዝም ካልነው» አለች፣ «የፊት ጥርሷን ሥር ያጠፋል።

በዘጠኝ፣ በአሥር ዓመቷ ማንም አላያትም?» አለች፤
ወቀሳ የለውም ድምጿ፤ እንዲያው ነው የጠየቀች።
መጥቶ ነበር ደብዳቤው። እኔ ነኝ ያልከፈትኩት፤
ከመብራት ዕዳ ጋር አጣጥፌ መሳቢያ የከተትኩት።
አላመማት። የማያም ነገር ማን ፖስታ ይከፍትለታል?
ሳይቃጠል በቅጠል፣ ለካ፣ ለአፍም ይተረታል።

ሽቦ ታሰረ፤ ቦታ ለመክፈት ብቻ ስንት ወር!
በሚያዝያ ቀዶ ሐኪሙ ሰናድ፣ ከሳራዬቮ የመጣ፣ ስዊድንኛው እንደኔው የሚሰበር፣
ድዷን አደንዝዞ ከፈተ፤ አጥንቱን ጥቂት ፋቀ፤
የተቀበረው ጥርስ ከደሙ መሀል አብረቀረቀ።
ጫፉ ላይ አዝራር ለጥፎ፣ ከሽቦው ጋር አሰረለት፤
እንደ ጉንዳን ወገብ የቀጠነ፣ እውነተኛ የወርቅ ሰንሰለት።

ስንወጣ ነርሷ ትንሽ ሣጥን ሰጠቻት፤
ሽቦው ጉንጯን ከፋቃት፣
ላዩ ላይ የምትለጥፈው።
«ምንድነው?» ብላት፣ «ሰም ነው።»
ትራም ውስጥ፣ ከሰው መሀል፣ ብቻዬን ሳቅሁ፤
የቅኔ ቤት ደጅ ሳልረግጥ፣ በልጄ አፍ ቅኔ አወቅሁ።
«ምን ያስቅሃል አባዬ?» ብትለኝ ማስረዳት አቃተኝ፤
በስዊድንኛ ሰሙ ሰም፣ ወርቁም ወርቅ ብቻ ሆነብኝ።

ኡልሪካ በየወሩ አንዲት ቀለበት ታሳጥራለች፤
በወር አንድ ሚሊሜትር። ኖላዊት ታማርራለች፤
«ለምን በአንዴ አይስቡትም?» እኔ ግን ይገባኛል፤
ከባድ ነገር በግንፍል ከጎተቱት ሐዲድ ይስታል።

በዚህ መሀል ወንድሟ ኢዮስያስ አሥር ሞላ።
ደብዳቤው መጣ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ከፈትሁት፤
ኮሪደሩ ላይ ቆሜ፣ በመዝገበ ቃላት፣ ሁለት ጊዜ አነበብሁት።
ኡልሪካ ጣቷን ከከንፈሩ ሥር ድዱ ላይ አሳለፈች፤
በቀኝ ጉብታውን አገኘች፤ በግራ... ባዶ ነው አለች።
የወተቱን ክራንቻ ጊዜው ሳይደርስ ነቀለችለት፤
ለሚመጣው መንገድ ጠረገችለት።
ጥርሱን በውሃ ብርጭቆ አሳድሮ፣ ጠዋት ሳንቲም አገኘበት።
በዓመት ተኩል፣ ያለ ቢላ፣ በራሱ ጊዜ ወረደ፤
አግድም ሊተኛ ያሰበው ቀና ብሎ ሄደ።
ኖላዊት መስታወት ፊት አቆመችውና አፏን ከፍታ፣
«አንተ እኮ ወርቅ የለህም» አለችው፣ እንደ ሀብታም ጌታ።

ዛሬ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ፣ መጨረሻው ፌርማታ ላይ፣
ስልኬ ጮኸ። ፎቶ ነው። ትልቅ አፍ፣ ሌላ የማይታይ፤
ከሰንሰለቱ ሥር፣ ከድዷ፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጫፍ።
ወንበሩ ባዶ፣ መስኮቱ ጤዛ፤ እኔና የልጄ አፍ።

ቤት ስደርስ ቆማ ጠበቀችኝ። አየኋት፤ ሳቀች።
እጇ ከልማዱ ተነሣ፣
ግማሽ መንገድ ላይ
ረሳችው።