ከጫራጫራ በላይ

ከመስኮቱ ማዶ ጣና ተንጣልሏል፣
ከመስኮቱ ወዲህ ይርሳው ተጋድሟል፤
ደሙ የሳሳበት ታንኳ ሠሪ ነው፣
ቡናማ ጠብታ በክንዱ የሚገባው።
ብረት ነው አሉት፤ ከዓይን የራቀ ደቃቅ፣
ስኳር የለበሰ፣ እንዳይጎዳው ሲዘልቅ።

«ሲስተር አንጓች» አለ፣ «መግባቱንስ ገባ፤
መውጫውን ንገሪኝ።
እምቦጭም ሲመጣ ነበረ አበባ።
እጄ እስኪላጥ ነቅዬ፣
በነጋው አበበ፣ ከኋላዬ።»

እሷም ጠብታውን እየቆጠረች፣
«ጥቃቅኑን» አለች፣
«ኩላሊት ከሽንት ጋር ያሳልፈዋል፤
ተለቅ ያለውን ጉበት ያስቀረዋል፣
ጣፊያም ያግዘዋል።
በላተኛ ሴሎች በደጁ አድፍጠው
ይውጡታል፤ ፈታትተው
ብረቱን ለደምህ ያስረክቡታል።»

«ሁሉንም?»
ዝም አለች። ጠብታው ግን ዝም አላለም።

«ያንተን፣ አዎ፣ በልኩ ከሆነ፤
ደምህን የምንለካው ለዚሁ ነው።
ግን ደቃቅ መድኃኒት ብዙ ዓይነት አለ፤
አንዳንዱ ጉበት ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚያድር
ገና አልተቆጠረ።»

ይርሳው ፈገግ አለ።
«አላውቅም» የሚል አፍ እሱ ዘንድ ይታመናል፤
«አይሰምጥም» የሚል ታንኳ ሻጭ ያሰጋዋል።
ደንገል ውሃ ጠጥቶ ፀሐይ ካላገኘ
በሳምንቱ ታንኳ መሆኑ ቀርቶ ሸክም ነው።
«ሁለተኛው መርፌ የሚዘገየው
እኔም እስክደርቅ ነው?»
ሳቀች። «እንዲያ በለው።»

ማታ ጫራጫራ ላይ ውሃው ጠርቶ ሲወጣ አየ።
ግልገል ዓባይ ያመጣው ደለል
ከሐይቁ ሥር ቀርቷል፤
ጥራቱን አይቶ ጭቃውን ማን ይጠይቃል?
ክንዱን ዳበሰ፣ ጥጡ የተለጠፈበትን።
«እናቴ በከንቱ አልሰየመችኝም» አለ፣
«አካሌ ብረቱን ይያዝ፣
የቀረውን ይርሳው።»