ከአሥር በታች

አርባ ሰባት ልጆች፣ ስምንት መምህራን፣ አንድ የሚያስል ቦይለር፤
ዙሪያውን የበቆሎ ገለባ፣ በረዶ፣ ከዚያ ወዲያ የነብራስካ ምድር።
ዶሎረስ ኩቼራ፣ የሠላሳ አንድ ዓመት ጸሐፊ፣
ከሊንከን የተላከ ቅጽ ትሞላለች፤ ሣጥኑ ጠባብ፣ ሕጉ ሰፊ።

«በዘር፣ በጾታ፣ በገቢ፣ በቋንቋ ከፋፍለሽ አቅርቢ፤
ከአሥር በታች ከሆኑ ቁጥሩን ትተሽ ኮከብ አስገቢ፤
ማንነታቸው እንዳይታወቅ።» ሣቀች ብቻዋን።
እዚህ ከተማ ማን የማንን አያውቅም? ሳሉን፣ ውሻውን፣ የባንክ ዕዳውን።

እኔ ሒሳብ አስተምራለሁ። መቶኛ ለትልቅ ቤት የተሰፋ ካፖርት ነው፤
እኛ ስንለብሰው እጅጌው መሬት ይጠርጋል፣ ትከሻው የሌላ ሰው።

ኤውላሊያ ፔድሮ፣ ኮከብ። «ሂስፓኒክ» ከሚለው ሥር አደረች፤
እናቷ ስፓኒሽን ሥጋ ፋብሪካው ውስጥ፣ ቢላ ስትስል ነው የለመደች፤
ቤታቸው የሚወራው ከጓቲማላ ደጋ የወረደ ሌላ አፍ ነው፤
ለእሱ የተሠራ ሣጥን የለም፤ ዶሎረስ «ሌላ» ብላ አለፈችው።

ሶ ኤ ዶ፣ ኮከብ። ካረኖች የቤተሰብ ስም ስለሌላቸው፣
«ሶ» ማለት «አቶ» ሆኖ ሳለ፣ ኮምፒዩተሩ ስም አደረገው።
የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ሁላችንም ሳናውቅ «አቶ» እንለዋለን፤
በሒሳብ የስቴቱን አማካይ በሃያ ነጥብ ጥሎ ሄዷል፤
ግን ማን ያየዋል? ኮከብ ነው፤
ኮከብ በቀን ማን ያየዋል?

ወይሎን ድቮራቼክ፣ ነጭ። ቁጥሩ በግልጽ የሚጻፍለት፣
ሃያ ሁለት ቀን «ሥር የሰደደ መቅረት» የተያዘበት።
ባለፈው መጋቢት፣ አባቱ ወገቡ ተሰብሮ፣ ላሞቹ ሲወልዱ፣
ሌሊቱን ጥጃ ሲስብ አደረ፤ ለፈተናው መጣ ደም በክንዱ።
የንባብ ውጤቱ «ከመሠረታዊ በታች» ሆኖ መጣለት፤
የጥጃዎቹን የጠየቀ የለም፤ ከሠላሳ አራት ሠላሳ ሦስት በሕይወት።

ተመራቂዎቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው። እያንዳንዱ ራስ
ስምንት በመቶ ከሽርፍራፊ ይመዝናል፤ አንዱ ከሄደ ጣራው ሊፈስ።

ማክሰኞ ኤውላሊያ መጣች፣ መጽሐፎቿን በፌስታል አንጠልጥላ፤
የእናቷ አንጓ አብጧል፣ ጣቷ አልታዘዝም ብሏል ለቢላ፤
ዐሥራ ስምንት ሞልቷታል፤ የሌሊት ፈረቃውን እሷ ልትይዝ ነው።
አንድ በአንድ ደረደረች። «የኬሚስትሪው ሽፋን
ሲሰጠኝም የተቀደደ ነው»
አለች። ወጣች።

በሩ እስኪዘጋ ዶሎረስ አንገቷን ከቅጹ አላነሣችም።
የማቋረጫ ምክንያት ስድስት ምርጫ አለው፤ የእናት አንጓ ከመካከላቸው የለም።

ዐርብ ርእሰ መምህሩ በበሩ ብቅ ብሎ «ላክሽው?» ሲል፣
«አንድ ሣጥን ይቀረኛል» አለች። የማስረከቢያው ሰዓት አልፏል።
ከመሳቢያዋ ፕላስተር አውጥታ፣ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች፤
የተቀደደውን ሽፋን ዳር ከዳር፣ ቀስ ብላ፣ መለጠፍ ጀመረች።

ማታ፣ ፈረቃው ከመግባቱ በፊት፣ የመኪናዋን መስተዋት
በረዶ ስትፍቅ አየኋት፤
ኬሚስትሪው ከጎኗ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣
ቀበቶ ታስሮለት።