የጅብ ጥላ

አራተኛ ፎቅ ነው ቤቴ ኮዬ ፈጬ፤
ድሮ ሦስተኛው ላይ አርፍ ነበር ተቀምጬ።
ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶብሱን ነድቼ፣
ወገቤን ለወንበር፣ ዓይኔን ላስፋልት ሰጥቼ፣
ጡረታ ስወጣ ያተረፍኩት ነገር
ደም ግፊት ነበረ፣ ጎረቤቱም ስኳር።

ሲስተር ኩለኒ ግን ውጤቱን ተመልክታ፣
ብዕሯን አስቀምጣ፣ አለችኝ በእርጋታ፦
“ጋሽ ዘውገ፣ ቁርጥዎን ዛሬውኑ ይወቁ፤
ከቁርጡ፣ ከክትፎው፣ ከቅቤው ይራቁ።”

ቅዳሜ በመጣ፣ በሉካንዳው በር ላይ
ዓይኔን ጨፍኜ አልፋለሁ፣ ያ ሻኛ እንዳይታይ፤
እንደ ባለዕዳ ሰው፣ አንገቴን ሰብሬ፣
“ጠፉሳ!” ሲለኝ ልጁ፣ ባዶ ሳቅ ጨምሬ።

ከሥር፣ ምድር ቤቱ፣ አያልነሽ ነበረች፣
መስኮቷን በጥቁር ላስቲክ የጋረደች።
የብሎኩ ሰው ሁሉ ሲያማት በሹክሹክታ፣
“ምን ደብቃ ይሆን ከነጋ እስከ ማታ?”
አንዱ አረቄ ሲል፣ አንዱ ጥንቆላ ሲል፣
ቧንቧዋ ፈንድቶ ጠራችኝ፤ ለመጠገን ስል
ገባሁ።

ጨለማ። ሙቀት። የክረምት አፈር ሽታ።
ከኮርኒሱ ወርዶ፣ ተንጠልጥሎ በተርታ፣
የላስቲክ ከረጢት፣ ጭድ የጎረሰ ሆዱ፣
ከምላጭ ስንጥቁ ጆሮዎች ሲወለዱ፤
ጸጥ ብለው የሚሰሙ፣ ነጭ፣ ስስ፣ እርጥብ፣
የቧንቧውን ውሃ ጠብ ሲል፣ ጠብ፣ ጠብ።
ጭዱን ከመጨረሻው ብሎክ ማዶ፣ ኦቦ ገመዳ
በጋሪ ያመጣላታል፣ ፎቁ ካበቃበት ሜዳ።

“ይሄ የጅብ ጥላ ነው!” ብዬ ዘለልኩ ወደ ኋላ፤
እናቴ ነግራኛለች፣ ሐምሌ ላይ ከግራር ጥላ
ያየነውን ሁሉ በእግራችን እንድንረግጥ፣
የበላ እንደማያድር፣ አንጀቱ እንደሚቆረጥ።

“እናትዎ አልዋሹም፤ የዱሩን እኔም አልነካም፤
መልኩ ደግ የመሰለ፣ ሆዱ መርዝ አያጣም።
ይህ ግን ዘሩ ታውቆ በጠርሙስ የመጣ፣
ጭድ ቀቅዬ ያነጠፍኩለት፣ በቀን ሦስቴ ውሃ ላጠጣ
እንደ አራስ ልጅ የምነሣለት ነው። ይቀምሳሉ?
ሲስተር ኩለኒ እንኳ በሳምንት ኪሎ ይወስዳሉ።”

በቢላ አልቆረጠችው። በጣቷ ሰነጠቀችው፣
እንደ ዶሮ ፈረሰኛ በየክሩ ለያየችው፤
ደረቅ መጥበሻ ላይ ጣል፣ ውሃውን እስኪተፋ፣
ሽንኩርት፣ ጥቂት ዘይት፤ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል፣
ሽታው በበር ሾልኮ ሐሜቱን እስኪያጠፋ።

ጎረስኩ።
ጥርሴ ሥር ልስልስ፣ ግን ቶሎ እጅ የማይሰጥ፣
እንደ ጥሩ ሥጋ ትንሽ የሚሟገት፣ የሚላመጥ፣
ከዚያ የሚሸነፍ፤ ጨው እንደ ነካው ዝናብ፣
ምላሴ ላይ ጥሎ የሚሄድ፣ ስሙን ያላወቅሁት ሐሳብ።
በእንጀራዬ ጫፍ ሣህኑን ስጠርግ፣
“ጾም ነው እንዴ ዛሬ?” አልኩ፣ በታላቅ ማዕረግ።

መድኃኒት ነው አልልም። ክኒኔንም አልጣልኩም፤
ጠዋት ማታ እውጣለሁ፣ ሲስተሯን አልዋሸሁም።
ግን ጮማ በነበረበት እሱ ሲተካ በሆዴ፣
ጥጋቡ ሳይከብደኝ፣ ቀለለ መውጣት መውረዴ።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ የነበረች ማረፊያዬ
አቧራ ለብሳለች፤ ናፍቋታል መቀመጫዬ።
ሲስተር ኩለኒ ቁጥሩን አይታ ቅንድቧን አነሣች፤
“ጨው ይቀንሱ” አለች እንጂ ምንም አልጨመረች።

የሉካንዳው ልጅ “ጠፉሳ!” ሲል፣ ዛሬ ቆሜ አወራዋለሁ፤
“ጉዳይ ገጥሞኝ ነው” እለዋለሁ።
“እን” የምትለዋን እውጣታለሁ።

አሁን እኔም አራት ከረጢት ሰቅያለሁ በተራ።
ከዕቃ ቤቴ ጨለማ፣ ሌሊት ባትሪ ሳበራ፣
ማታ ያልነበሩት፣ ጣት ጣት አክለው፣ ፈልተው፣
ተሳፋሪ መስለው በበር ተገፋፍተው፣
በአንዲት ስንጥቅ ይወጣሉ። አፌ ልማዱ ነው፦
“ጠጋ ጠጋ በሉ! መጨረሻው ኮዬ ነው!”