ፊልትሮ

አራት መቆንጠጫ አንድ በአንድ ፈትቼ፣
ከኒቫዬ ሆድ ውስጥ ፊልትሮውን አውጥቼ
ሳራግፈው ጊዜ ነጭ አቧራ ጣለ፤
ከንፈሬ ላይ ቢያርፍ ባሕር ባሕር አለ።

አባቴ መረቡን የጣለበት ውኃ
ዛሬ የነፋስ ነው፣ ጨው ነው፣ በረሃ፤
በመጋቢት ወር ላይ ሲነሣ ሳናውቅ
በበር ሥር ይገባል ጫማ ሳያወልቅ።
አራልስክ እንዲህ ናት።

ወደ ፊልትሮው ልመለስ።
ከወረቀቱ እጥፋት በሃያ ሦስተኛው፣
ከላስቲኩ ጠርዝ ጋር በሚገጥምበት ዳር
አንዲት ስንጥቅ አለች። አይጥ ይሁን እጄ
ያደረጋት እንጃ፤ ከጥፍር ቁራጭ ጋር
እኩል ናት፤ ወይም ታንሳለች።

ጎረቤቴ ቱርሲንባይ አንገቱን አስግጎ፦
«በማስቲሽ ለጥፋት! እኔ የኔን መኪና
ሁለት ክረምት ሙሉ ያለ ፊልትሮ ነድቻለሁ።»
የሱ መኪና ዛሬ የዶሮ ቤት ናት።
አላስታወስኩትም።

ኡልቦሲን ደግሞ፣
«ይሁን ወንድ» ተብሎ ስም የወጣላት፣
ከስድስት ሴት ልጆች መጨረሻዋ ናት፣
ደጃፉ ላይ ቆማ፦
«ሐሙስ ኪዚሎርዳ የእህቴ ዓይን ሞራ ይገፈፋል፤
በጥፍር ቁራጭ ነው መንገድ የሚቀረው?»

ጋራዡን አጨለምኩ። አምፖሉን በገመዱ
ከፊልትሮው ኋላ ይዤ ዓይኔን ባስጠጋው፣
ብርሃኑ በእጥፋቱ ቢጫ ሆኖ፣ ለስልሶ
በዝግታ መጣልኝ፤
በዚያች ስንጥቅ በኩል ግን መርፌ ሆኖ ወጋው።

አባቴ ይል ነበር፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ
የተበጠሰውን በጣቱ ሲፈልግ፦
«መረብ ማለት ቀዳዳ ነው፣ በክር የታሰረ፤
ጥያቄው ልኩ ነው።»
እውነቱን ነው። ፊልትሮም ያው ቀዳዳ ነው፤
አለዚያ ሞተሩ በምን ይተነፍሳል?
ግን ከመረብ ያመለጠ ዓሣ
ባሕሩ ውስጥ ያድጋል፣ ለልጅህ ይቆያል፤
ከዚህ ያመለጠው ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ
ፒስተን ይሞርዳል።

እንዲህም እያልኩ ወላወልኩ።
አንድ ቀን ብቻ ቢሆንስ? ቀስ ብዬ ብነዳስ?
በማስቲሽስ ብለጥፋት፣ ማን ያውቅብኛል?

ፍርዱን የሰጠው ግን
አምፖሉም፣ አባቴም፣ ቱርሲንባይም አይደሉም፤
የጥቁር ካልሲ ጫፍ ነው።
ከፊልትሮው ወዲያ፣ ንጹሕ መሆን ባለበት፣
ቱቦው ውስጥ ሰድጄ አዙሬ ባወጣው
ነጭ ብናኝ ይዟል። ቀመስኩት።
ባሕር ባሕር አለ።

«በባቡር እንሂድ» አልኳት። «አዲሱን
ከዚያው ገዝቼ እመለሳለሁ።»
ኡልቦሲን አልተቆጣችም። ሳለች፣ እንደ ልማዷ፣
ረጅምና ደረቅ።
ከዚያ ከአፏ ላይ ሻርፗን ፈታችና
አምፖሉ ፊት ዘርግታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
ዝም ብላ አየችበት።