የተረፈችው ቡሎን

«ዲናሞው ሞቷል» አሉኝ። ዋጋውን ጠየቅሁኝ።
«አንድ ሺህ ስምንት መቶ» ብሎ ቀለደብኝ።
የሳምንት ደሞዜን፣ የሌሊት ጥበቃ፣
ጡጫ ለምታህል ብረት? አልሰጥም፣ በቃ!

ወደ ውዳቂ ግቢ ሄድሁኝ ማክሰኞ ዕለት፣
መኪና በመኪና ላይ ወደ ተከመረበት።
ከአንዲት ሱባሩ ላይ፣ እንደኔዋ ካለች፣
ፊቷ ተጨፍልቆ ሆዷ ብቻ ከዳነች፣
ፈታልኝ ሽማግሌው፤ ሁለት መቶ ከፈልሁ።
«ይሠራል?» አልሁት። ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው እንግዲህ፤ ከፎቁ ሥር ቆሜ፣
ኮፈኗን በመጥረጊያ እንጨት ደግፌ አቁሜ።
እሑድ ጠዋት ቴስት አለ፣ የዓመቱ ምርመራ፤
ቅዳሜ ብረት አይነካም፣ ሰንበት ላይ አይሠራ፤
ፀሐይ እስክትጠልቅ ነው ያለችኝ አንድ ተራ።

ልጄ ሊራን ወረደች በስልኳ ተመርታ፣
እንዲህ ነው የሚፈታው የሚል ቪዲዮ ከፍታ።
«አባ፣ መጀመሪያ የባትሪውን ሽቦ፣
ጥቁሩን ንቀለው፣ እንዳይመታህ ስቦ።»
እሷ ባትነግረኝ፣ እውነቱን ልናገር፣
በቀዩ ልጀምር ቁልፌን አንሥቼ ነበር።

«ካቻቢቴ አቀብይኝ!» አልኋት ጎንበስ ብዬ።
«ምንድን ነው እሱ?» «ጫፉ ሾጠጥ ያለው፣ እናትዬ!»
«አሃ፣ ማቭሬግ!» አለች፤ ሮጣ አቀበለች።
ቡሎን ስል፣ ዳዶ ስል፣ ፒንሳ ስል ሳቀች።

ጎንደር፣ የጉዞ ተራ ስንጠብቅ፣ ስምንት ዓመት
ጎማ ስለጥፍ ነበር፤ ቃሉን ያኔ ለመድሁት።
«ጣልያን ዕቃውን ወስዶ ስሙን ጥሎ ሄደ»
ይል ነበር አለቃዬ፤
ስሙ በእኔ አፍ ተሳፍሮ እስከ ሎድ ወረደ።
ቡሎኑ ግን ምን ገዶት፣ ቢጠሩት ባይጠሩት፤
ወደ ግራ ነው የሚላላ፣ ወደ ቀኝ ነው ሚያጠብቁት።

አንዷ አልፈታ አለች፤ ዝገት አጣብቋታል።
ቁልፉ አመለጠኝ፣ ክንዴ እስከ ክርኔ ተልጧል።
ግሪሻ ጎረቤቴ፣ ከሰገነት አይቶ፣
በካናቴራ ወረደ ረጅም ቧንቧ አምጥቶ።
በሩስኛ ሰደበ፤ እኔን ይሁን ቡሎኗን
አላወቅሁም፤ ብቻ ቁልፉ ላይ ሰክቶ ቧንቧውን
ሁለታችን ስንጫን፦ ቀጭ! አለች፣ ተፈታች።
ሊራን ከደስታ ዘልላ ስልኳን ካስፋልት አማታች።

አዲሱን፣ አዲስ ከተባለ፣ ቦታው ላይ ሰክቼ፣
ቺንጊያውን ወጠርሁት በአውራ ጣት ለክቼ።
አስረበብ በመስኮት፦ «ውኃው ይቀዘቅዛል!
ታጠብ እንጂ ሰውዬ! ሰንበት ይገባብሃል!»

ጥቁሩን ሽቦ መለስሁ። ቁልፉን ሰጠሁ ለሊራን።
«አንቺ አስነሽው» አልኋት። ተያየን ሦስታችን።
አንዴ ሞከረች፣ ዝም። ሁለቴ ሞከረች፣ ዝም።
ግሪሻ ጢሙን አሸ፤ እኔም ትንፋሽ የለኝም።
በሦስተኛው ጮኸች፤ ተነሣች ተቆጥታ፣
የባትሪዋ ቀይ መብራት ከፊቷ ላይ ጠፍታ።

ግሪሻ ጨበጠኝ፤ ከክርናችን በታች
የእሱ እጅ ከእኔ እጅ በመልክ አልተለየች።

ዕቃ ስንለቅም ግን፣ ከጎማው ሥር አንዲት
ቡሎን ተርፋ ተገኘች። «ከየት መጣሽ?» ብላት
ዝም።
ሊራን ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሳ
አየች፣ ደግማ አየች፤ የለችም ከነጭራሹ እሷ።
ግሪሻ ትከሻውን ሰበቀና፣ «ፋብሪካው
ሁልጊዜ ያበዛል» አለኝ፣ በዕብራይስጥ፣ በሰባራው።

ሳይረን ጮኸ ድንገት። ጆሮ ጣልን ሦስታችን።
አይዋዥቅም፣ ቀጥ ያለ ነው፤ የሰንበት ነው፤ ተነፈስን።

ቡሎኗን መስኮት ላይ ትቼ፣ በጥድፊያ ታጠብሁ፤
ነጭ ለበስሁ፣ ከማዕዱ ራስ ተቀመጥሁ።
ወይኑ ሲባረክ ግን፣ ዐይኔን ጨፍኜ ሳለሁ፣
ከሞተሩ ሥር ገብቼ ቀዳዳ እፈልጋለሁ።